የልጄ ጥርስ ሽፋን ያልያዘበት ምክንያት

በ2014 ዓ.ም. ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲበረታ ከግራ ጆሮዬ ሥር ያመኝ ጀመር። የምጽፈው ግን ስለ ራሴ ሕመም ብቻ አይደለም። በእኔ ሕመም ምክንያት የልጄ የሰናይት ጥርስ ታየ፤ በእኔ ጥፋት ደግሞ ያው ጥርስ ሊበላሽብን ነበር። ሌላ እናት እኔ የሠራሁትን እንዳትሠራ ብዬ ነው የምጽፈው።

የምንኖረው ከአምበር በእግር ግማሽ ሰዓት በምታስኬድ መንደር ነው። ባለቤቴ ይበልጣል ገበሬ ነው። እኔ እስከ አሥረኛ ክፍል ተምሬአለሁ። ሰናይት ያን ጊዜ ሰባት ዓመቷ ነበር።

መጀመሪያ ጆሮዬ መሰለኝ። አንድ መድኃኒት ቤት ጠብታ ሰጡኝ። ሳምንት ሙሉ ጠብታውን ብጨምርም ሕመሙ ከጆሮዬ ወደ አገጬ፣ ከአገጬ ወደ አንገቴ መዞሩን አልተወም። ጎረቤታችን እትዬ ሙሉ ሊጠይቁኝ መጡ። ሰው ታመመ ሲባል የማይቀሩ ደግ ሴት ናቸው። ጉንጬን ዳሰሱኝ።

«ጥርስሽ ነው» አሉ። «ትል ገብቶበታል።»

«ቀዳዳ የለውም እኮ፣ እትዬ።»

«ትል በር አንኳኩቶ የሚገባ መሰለሽ?»

የእምቧይ ፍሬ ፍም ላይ ጣል አድርገው ጢሱን በአፌ እንድስብ አደረጉኝ። ዓይኔ አለቀሰ፤ ጉሮሮዬ ተቃጠለ። በመጨረሻ ከፊቴ ባስቀመጡት ጣሳ ውኃ ላይ የተንሳፈፈ ነጭ ነገር አሳይተው «ይኸው» አሉኝ። የእምቧዩ የራሱ ዘር መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው። በፍቅር ስላደረጉት ግን ዛሬም አልቀየማቸውም።

ከዚያ በሦስተኛው ቀን ጉንጬ አበጠ፤ አፌም አልከፈት አለኝ። ትንሿን ጣቴን በጥርሶቼ መካከል ላሳልፍ ሞከርኩ። ጥፍሯ እንኳ አልገባም። አጥሚት በጥርሶቼ ክፍተት እየመጠጥኩ ዋልኩ። ምራቄን መዋጥ ፈራሁ። ሰው ሲያናግረኝ መልሱ ውስጤ አለ፤ መውጫ ግን የለውም። ጸሎቴን እንኳ በልቤ ብቻ ማድረስ ያዝኩ።

ይበልጣል ቅርብ ወዳለ ክሊኒክ ወሰደኝ። ሰናይት አልቀርም ብላ ቀሚሴን ይዛ ተከተለችን። የተቀበለን ነርስ አፍሽን ክፈቺ አለኝ። አልተከፈተም። ወደ ባለቤቴ ዞረ።

«ምስማር ወግቷት ነበር?»

«ገበሬ ቤት እሾህ የማይወጋው አለ እንዴ?»

«መንጋጋ ቆልፍ እንዳይሆን።»

ይህን ሲሰማ ይበልጣል አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ። ታናሽ ወንድሙ የሞተው በመንጋጋ ቆልፍ ነው። እኔ ጥርሴ ነው ማለት እፈልጋለሁ፤ ቃሉ አይወጣም። በጣቴ ወደ አፌ ሳመለክት ነርሱ «አዎ፣ አውቀናል፣ ተቆልፏል» ይለኛል። ሰናይት «ጥርሴን ነው የምትላችሁ» አለች። የሰማት የለም። ወደ ደብረ ማርቆስ ጻፉልን።

ደብረ ማርቆስ ከአንዱ አግዳሚ ወደ ሌላው ስንተላለፍ ዋልን። አጠገቤ ተራ የምትጠብቅ የማላውቃት ሴት አየችኝና ተነሥታ ሄደች። ስትመለስ ለስላሳ መጠጫ ስትሮ ይዛ ነበር። በእሱ ውኃ ጠጣሁ። ስሟን አልጠየቅኋትም፤ መጠየቅም አልችልም ነበር። እግዚአብሔር ይስጣት።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሐኪም መንጋጋ ቆልፍ አለመሆኑን አረጋግጦ ወደ ጥርስ ሐኪም ላከኝ። ወጣት ሴት ናት። አላስፈቀድኳትምና ስሟን አልጽፍም። በዕድሜ ታናሽሽ ነኝ፣ አንቺ በይኝ ብላኛለች። በእጇ ከጉንጬ ሥር ጫን ብላ አየችና ወዲያው አወቀችው።

«ጥርስሽ ሥር መግል ይዟል። መግሉ መንጋጋ የሚያንቀሳቅሰውን ሥጋ አስቆጥቶት ነው አፍሽ የተዘጋው። ይከፈታል፣ አትፍሪ።»

መርፌና ክኒን አዘዘችልኝ። አፌ በአንድ ጊዜ አልተከፈተም። መጀመሪያ አንድ ጣት አሳለፈ፣ ከቀናት በኋላ ሁለት። ሦስት ጣት ሲያሳልፍ ከይበልጣልና ከሰናይት ጋር ተመልሼ ሄድኩና ጥርሱን ነቀለችው።

«ቀዳዳ አልነበረውም» አልኳት፣ ደሙ ከቆመ በኋላ።

የተነቀለውን መንጋጋ ጥርስ በጨርቅ ላይ አድርጋ አሳየችኝ። ከላይ የመርፌ ጫፍ የማታስገባ ጥቁር መስመር አለው። ገልበጥ ስታደርገው ውስጡ ባዶ ነው።

«መንጋጋ ጥርስ ሲፈጠር ጀምሮ ላዩ ላይ ቦይ ቦይ አለው» አለች። «የአንዳንድ ሰው ቦይ ጥልቅ ነው። ምግብ ይገባበታል፣ መፋቂያ አይደርስበትም። አንቺ ሳታውቂው ከውስጥ በላው።»

ሰናይት አጠገባችን ቆማ ነበር። «የእኔስ ቦይ አለው?» አለቻት።

ሐኪሟ ስቃ ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻት። ከወተት ጥርሶቿ ኋላ አዲስ የበቀሉትን መንጋጋዎች በመስታወት አየች። ከታች በግራ ያለው ላይ ቆየች። የእኔ የተነቀለው በዚያው በኩል ነው።

«ይህ እንደ እናቷ ነው» አለች። «ቦዩ በጣም ጥልቅ ነው። ገና ደህና ነው። አሁን ብንሸፍነው ደህና ይሆናል፤ ከተውነው ግን አንቺ ያየሽውን ልታይ ትችላለች።»

ይበልጣል ከበሩ አጠገብ «ያልታመመ ጥርስ ይታከማል?» አለ።

«እንዳይታመም ነው እንጂ። ሲላንት ይባላል፤ መሸፈኛ ነው። ቦዩን ይደፍነዋል።»

«ሲያኝኩበት አይላጥም?»

«ዝም ብዬ ባፈስበት ይላጣል። የጥርስ ላይኛው ሽፋን ለስላሳ ነው፣ ምንም አይዝም። ስለዚህ መጀመሪያ በቀላል አሲድ አሻክረዋለሁ። ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች ይከፈታሉ። ከዚያ አደርቀዋለሁ። ፈሳሹ እነዚያ ቀዳዳዎች ውስጥ ይገባል፤ በመብራት ሲደርቅ እዚያው እንደ ሥር ይይዛል።»

«እንደ ልስን ነዋ» አለ ይበልጣል።

«ልክ እንደ ልስን።»

ያን ጊዜ ገባኝ። የገባኝ መሰለኝ ማለት ይሻላል። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ የቤታችንን ግድግዳ የምለስነው እኔ ነኝ። ለስላሳውን ግድግዳ መጀመሪያ እፈቀፍቀዋለሁ፤ አለዚያ ጭቃው ይንሸራተታል። ቀጥሎ ውኃ እረጨዋለሁ። ደረቅ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ልስን በማግሥቱ ይሰነጠቃል። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ እጄ ያውቀዋል። ሐኪሟ «አደርቀዋለሁ» ስትል ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ሰማ እንጂ እጄ አልሰማም።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ሰናይትን ይዤ ደብረ ማርቆስ ሄድኩ። ይበልጣል እኛን የጥርስ ክሊኒኩ በር ላይ አድርሶ ወደ ገበያ ወረደ። በነጠላዬ ሥር በትንሽ ጠርሙስ የሚካኤልን ጸበል ይዤ ነበር። ልጄን ወደ ሐኪም ይዤ ስሄድ ያለ ጸበል ሄጄ አላውቅም።

የቀኙም አብሮ ይሸፈን ብላ በመጀመሪያ እሱን ሠራች። ጥርሱን ጠርጋ በጉንጯና በምላሷ በኩል የተጠቀለለ ጥጥ አደረገች። ሰማያዊ ዝልግልግ ነገር ቀባችበት፤ ጥቂት ቆይታ አጠበችው፤ በነፋስ መንፊያ አደረቀችው። ይብለጨለጭ የነበረው ጥርስ እንደ ጠመኔ ነጣ።

«አየሽ» አለችኝ። «ሲነጣ ተከፍቷል ማለት ነው።»

ፈሳሹን ጠብ አደረገችና ሰማያዊ መብራት አበራችበት። ጠነከረ። 

ወደ ግራው ዞረች። ቀባች፣ አጠበች፣ አደረቀች። ጥርሱ ነጣ። በዚህ መካከል መብራት ጠፋ። ነፋስ መንፊያውም ቆመ።

«አፍሽን እንደ ከፈትሽ ቆይ፣ የእኔ ጎበዝ። ምላስሽን አታንቀሳቅሺ» አለቻት። ወደ እኔ ዞራ «እናት፣ እንዳትዘጋው ጠብቂልኝ» ብላ ጄኔሬተር ለማስነሣት ወጣች።

ክፍሉ ጨለም አለ። ሰናይት አፏን እንደ ከፈተች ተንቀጠቀጠች፤ እንባዋ በጆሮዋ በኩል ወረደ። ያን የነጣ ጥርስ አየሁት። ሕይወት የሌለው መሰለኝ፤ የተሰነጠቀ ግድግዳ መሰለኝ። ጠርሙሱን አወጣሁ። ጣቴን ነከርኩና በስመ አብ ብዬ ጥርሷ ላይ በመስቀል አማተብኩ።

ሰናይት ጣቴ ሲነካት ደነገጠችና አፏን ገጠመች። ዋጠች። አፏን መልሼ አስከፈትኩ፤ በነጠላዬ ጫፍ ጥርሱን ጠረግሁ፤ ጥጡን ወደ ቦታው መለስኩ። ሁሉም ከአንድ አባታችን ሆይ ያነሰ ጊዜ ነው የወሰደው።

መብራት መጣ። ሐኪሟ ተመልሳ ነፋሱን ነፋችበትና ቆም አለች።

«ምራቅ ነክቶታል እንዴ?»

«አልነካውም» አልኩ።

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። ምን አስዋሸኝ? ባላገር ናት እንዳትለኝ ፈርቼ ነው። ሐኪሟ ትንሽ አየችኝ። ውጭ ተረኛው ብዙ ነበር። እኔን አምና ፈሳሹን ጠብ አደረገች።

ነሐሴ ገባ፤ ፍልሰታ ተያዘ። የመንደሩ ልጆች ሁሉ ሲያስቀድሱ ይውሉና ከቅዳሴ በኋላ ቤት ገብተው ይበላሉ። በጾሙ በአራተኛው ቀን ሰናይት የሽምብራ ቆሎ እየበላች ከአፏ አንድ ነገር አውጥታ መዳፌ ላይ አደረገችው። እንደ ጥፍር የሳሳ ነጭ ቅራፊ ነው።

«ከጥርሴ ነው የወጣው» አለች።

አፏን ከፍቼ አየሁ። የቀኙ እንዳለ አለ። የግራው ቦይ ግን ባዶውን ነው።

ይበልጣል ቅራፊውን በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ብርሃን አደረገው። «ብያለሁ እኮ» አለ። «ፕላስቲክ ለጥፋ ሸኘችን።»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። አፌ ደህና ነበር፤ ሦስት ጣት ያሳልፍ ነበር።

እሑድ ሰንበቴ ላይ ይበልጣል ነገሩን አወጣው። ሰው በሳቅ ሰማው። «የደህና ጥርስ ሐኪም» እያሉ ቀለዱ። እትዬ ሙሉ የልጅ ልጃቸውን ጾሙ ሳይፈታ ወደ ሐኪሟ ሊወስዱ አስበው ነበር። ልጅቱ የሰናይት እኩያ ናት፤ ሐኪሟ እኩዮቿም ቢታዩ ጥሩ ነው ያለችኝን ነግሬአቸው ነበር።

«እኔስ አልሰጣትም» አሉ። «በእምቧይ የማይድን በፕላስቲክ ይድናል?»

ሰው ሳቀ። ይበልጣልም ሳቀ። እኔ ጻሕን እያነሣሁ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ከዚያ ወዲህ የነበረውን ቀን እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም። ሐኪሟ ዘንድ ብመለስ ውሸቴ ይወጣል። ባልመለስ የልጄ ጥርስ ይበላል። ለባሌ ብነግረው በሰንበቴው ፊት አዋረድሽኝ ይለኛል። ባልነግረው አንዲት የረዳችን ሴት ስሟ በየገበያው ይጠፋል። በየቀኑ ሰናይትን አፍሽን ክፈቺ እያልኩ አያለሁ። ቦዩ ውስጥ ቡናማ ነገር መታየት ጀመረ። ባየሁት ቁጥር ውስጡ ባዶ የሆነው ጥርሴ ይታየኛል። በመፋቂያ እፍቀዋለሁ፤ አይለቅም።

ሰናይት በፍልሰታ ቆረበች። እኔ አልቆረብኩም። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እጄን ይዛ «አንቺ ለምንድን ነው የማትቆርቢው?» አለችኝ።

«ሌላ ቀን» አልኳት። እሱም ሁለተኛ ውሸት ሆነ።

በነጋታው ቅዳሴ ሲወጣ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። ከቤተልሔሙ አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ጸበሉ ስናገር ብዙ አለቀስኩ።

«ጸበሉን ተይው» አሉኝ። «ለልጅሽ ፈርተሽ ነው። ስትጠየቂ ምን አልሽ?»

«አልነካውም አልኩ፣ አባ።»

«ባልሽ በሰንበቴው ሲናገርስ?»

«ዝም አልኩ።»

መቋሚያቸውን ተደገፉ። የክርስትና ስሜን ጠሩኝ።

«ወለተ ሚካኤል፣ አርባ ስገጂ ብልሽ ደስ ብሎሽ ትሄጃለሽ።»

እውነት ነበር። 

«ስለዚህ አልሰጥሽም። ሄደሽ ለሐኪሟ ንገሪያት። ከዚያ ለባልሽ። ሐሜቱን ለሰሙትም። ሲያልቅ ነይ፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ እልሻለሁ።»

ለይበልጣል ጥርሴ የተነቀለበት ቦታ ይታይልኝ ብዬ ሰናይትን ይዤ ወጣሁ። ሚኒባሱ ውስጥ እስከ ደብረ ማርቆስ የምናገረውን ስደጋግም ሄድኩ። ክሊኒኩ ስደርስ ሁሉም ጠፋኝ። ተራዬ ሲደርስ ሐኪሟ ሰናይትን ልታስቀምጣት ስትል «ቆይ» አልኳት።

«የግራው ወድቋል። መብራት ጠፍቶ ስትወጪ ጸበል ቀባሁት። አፏን ገጠመች። ስትጠይቂኝ ዋሸሁሽ። ባሌ ደግሞ አጭበረበረችን ብሎ ለሰው ሁሉ አወራ። እኔ እያወቅሁ ዝም አልኩ።»

ጓንቷን አንድ በአንድ አወለቀች። መሬት መሬቱን አየሁ።

«ለምን ያን ጊዜ አልነገርሽኝም?» አለች። «እንደገና ቀብቼ አጥቤ አደርቀው ነበር። አንድ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።»

«ባላገር ናት እንዳትይኝ ፈርቼ።»

«የእኔ እናት በእምቧይ ስታጥነን ነው ያደግሁት» አለች። «ዘሩን ትል ነው ብላ ለጎረቤት ታሳይ ነበር።»

ሳላስበው ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ረጋ ብላ አስረዳችኝ። ጥርሱን ያበላሸው ጸበሉ አይደለም። ውኃ ብቻ ቢሆን ነፋሱ ያደርቀው ነበር። ልጄ አፏን ስትገጥም ግን ምራቋ እነዚያን የማይታዩ ቀዳዳዎች አለበሳቸው፤ ነፋስ ቢነፉበትም የምራቁ ስስ ሽፋን እዚያው ይቀራል። የፈሰሰው መድኃኒት መግቢያ አጥቶ ላይ ላዩን ተቀመጠ።

«ግድግዳ ውኃ ይወዳል» አለች። «ጥርስ ግን አይወድም። ልስን ነው ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ ይህንንም አብሬ መናገር ነበረብኝ።»

ጥፋቴን ልትካፈልልኝ ፈለገች። አልሰጠኋትም።

ሰናይት ወንበሩ ላይ ወጣች። ሐኪሟ ቡናማውን ቦይ በቀጭን ብረት ዳሰሰችው። አንዴ፣ ሁለቴ። ሦስተኛ ስትመለስበት የወንበሩን ጠርዝ ያዝኩ።

«ብረቱ አልገባም» አለች። «የምግብ ቀለም ነው። ጥርሱ ጠንካራ ነው።»

ተመስገን አልኩ። 

ጠርጋ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ከመጀመሯ በፊት ወደ ነጠላዬ እያየች «ዛሬም ይዘሻል?» አለችኝ።

«ይዣለሁ።»

«ጠዋት ጠጥታ ትምጣ፤ ወይም እኔ ስጨርስ ቅቢያት። መካከል ያለው ግን የእኔ ሰዓት ነው።»

እኔን ጥጡን እንድይዝ አደረገችኝ። ጥርሱ ሲነጣ እስትንፋሴን ያዝኩ። ሰናይት በዓይኗ ታየኛለች፤ በዓይኔ አይዞሽ እላታለሁ። ሰማያዊው መብራት በርቶ ጠፋ። ሐኪሟ በብረቱ ጫፍ ልትፈነቅለው ሞከረች። አልተነቃነቀም። ከዚያ ጠርሙሱን አውጥቼ ለልጄ ሰጠኋት፤ ጠጣች።

መሸፈኛ መፋቂያን እንደማይተካ፣ በየስድስት ወሩም መታየት እንዳለበት ነገረችኝ። አንድ ነገር እኔ እጨምራለሁ። ሐኪም ሲጠይቃችሁ የሆነውን ንገሩት። ምራቅ ነካው፣ ጸበል ነካው፣ ልጁ አፉን ገጠመ፤ ምንም ይሁን። የሚያፍር ምላስ ልጅን ይጎዳል።

በማግሥቱ ጠዋት ዝናቡ ጋብ ብሎ ነበር። ይበልጣል ጤፉን ሊያርም ሊወጣ በር ላይ ቆሟል። ሁሉንም ነገርኩት። አላቋረጠኝም። 

«በሰንበቴው ፊት የተናገርኩት እኔ ነኝ» አለ።

«ያስናገርኩህ እኔ ነኝ።»

«እሑድ እመልሰዋለሁ» አለ። ከዚያ «ለእትዬ ሙሉ ማን ይነግራቸዋል?»

«እኔ።»

ነጠላዬን ለበስኩና በጭቃው ወረድኩ። እትዬ ሙሉ ደጃቸው ላይ እህል ያበጥሩ ነበር። ግቢ፣ ተቀመጪ አሉኝ። ሳልቀመጥ ቆሜ ነገርኳቸው፤ ጣቴን፣ አልነካውም ማለቴን፣ በሰንበቴው ጻሕን ይዤ ጓዳ መግባቴን። ሰፌዳቸው እጃቸው ላይ ቆመ።  ጥግ ላይ የተቀመጠችውን የልጅ ልጃቸውን አዩ፤ መልሰው እኔን አዩ።

«ሚኒባሱ በስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?» አሉኝ።

«ቶሎ ከደረስን የሦስት ሰዓቱን እናገኛለን።»

ሰፌዱን አስቀምጠው የልጅቱን ጫማ መፈለግ ጀመሩ። እኔ ልጅቱን እጇን አስታጠብኳትና ሦስታችን ወደ መንገዱ ወጣን።